የመዋኛ ገንዳን ለክረምት ስለ መዝጋት

በጎንደር ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ የዐፄ ፋሲለደስን መዋኛ ያውቀዋል። ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. በነገሡት ንጉሥ ስም የሚጠራው ይህ ሰፊ ገንዳ፣ ባለ ፎቅ ግንብ ቆሞበት፣ ዙሪያውን በካብ ታጥሮ፣ ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀሃ ወንዝ አቅራቢያ ይገኛል። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ያለ ውኃ ነው። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ የቀሃ ውኃ በቦይ ተመርቶ ይሞላል፤ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ በማግሥቱም ውኃው በጸሎት ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጫል፣ ጎበዝ የሆነውም ወጣት ዘሎ ይገባበታል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ውኃው ይለቀቃል፤ ገንዳውም እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ይደርቃል።

የበዓሉን ምሥጢር ለሊቃውንቱ እንተወውና ነገሩን በንጽሕና ጠባቂ ዓይን ብቻ ብንመለከተው፣ ይህ ልማድ ትልቅ ዕውቀት ያለበት ነው። ውኃው ለሚፈለግበት ጊዜ ይገባል፤ በሚፈለግበትም ጊዜ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ ሥራው ሲያበቃ ይለቀቃል። ጠባቂ የሌለው ውኃ ለወራት ተኝቶ አይከርምም። በዛሬው ዘመን በየግቢው የምንሠራቸው ገንዳዎች ግን በአብዛኛው የሚጎዱን በዚህ በኩል ነው፤ ይኸውም የሚጠቀምባቸው ሰው ጠፍቶ ውኃቸው ብቻ ሲቀር ነው።

ዛሬ በከተማችን በአንዳንድ ሆቴሎችና በጥቂት ባለሀብቶች ግቢ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ይገኛል። «እኔ መዋኛ የለኝም» ብሎ ይህን ገጽ የሚያልፍ አንባቢ ግን ጥቂት ይታገሥ። በጓሮው በሲሚንቶ የተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው፣ ቤት ሊሠራ ጉድጓድ ቆፍሮ በላስቲክ ውኃ ያቈረ፣ ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ ያለው፣ ወይም ትምህርት ቤቱ አሮጌ ገንዳ ያለበት መምህር ሁሉ ነገሩ ይመለከተዋል።

ለመዋኛ ገንዳ የሚሆን ፓምፕና ማጣሪያ የሚገዛ ሰው፣ ከመሣሪያው ጋር የአዘጋጆቹን መመሪያ መጽሐፍ ይቀበላል። በመጽሐፉም ውስጥ «ገንዳን ለክረምት ስለ መዝጋት» የሚል ምዕራፍ አይጠፋም። ያ ምዕራፍ የተጻፈው ግን ክረምታቸው በረዶ ለሆነ ሕዝቦች ነው። ውኃ ወደ በረዶነት በሚለወጥበት ጊዜ መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚጨምር፣ በቧንቧና በፓምፕ ውስጥ የቀረ ውኃ ብረቱንም ሆነ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እነርሱ ክረምት ሲገባ የገንዳውን ውኃ ከቧንቧዎቹ አፍ በታች ዝቅ ያደርጉታል፤ ቧንቧውን በአየር ነፍተው ያደርቁታል፤ ከዚያም በላዩ ሸራ ወጥረው እስከ ፀደይ ይተዉታል።

የእኛ ክረምት ከዚህ ጋር በስም እንጂ በግብር አይገናኝም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን ክረምቷ ዝናብ፣ ጭጋግና ጎርፍ ነው። ውርጭ የሚታወቀው በዳባትና በደባርቅ እንዲሁም ከዚያ በላይ ባለው በስሜን ተራራ ነው፤ እርሱም የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች፣ ማለት በበጋ ነው። በእነዚያ አገሮች ከመሬት በላይ የተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ ያለው ሰው ማታ ውኃውን ቢያፈስለት ወይም በገለባና በጆንያ ቢጠቀልለው ይበቃዋል። የባዕዱን መጽሐፍ ቃል በቃል ተከትሎ በሰኔ ወር ገንዳውን የሚያጎድል ጎንደሬ ግን፣ ሊመጣ የማይችለውን በረዶ ሲሸሽ በእርግጥ የሚመጣውን የዝናብ ጉዳት በገዛ እጁ ይጠራል። ምክንያቱን እንመልከት።

በጎንደር የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በየወሩ ወደ 300 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ ዐሥር ሜትር ርዝመትና አምስት ሜትር ወርድ ያለው ገንዳ፣ ስፋቱ 50 ካሬ ሜትር ነውና፣ በሐምሌ ወር ብቻ 15,000 ሊትር ያህል ከሰማይ ይቀበላል፤ ውኃውም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። (ይህን ስሌት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ቢሠሩት መልካም ልምምድ ይሆናቸዋል።) ይህ ከሰማይ የሚወርደው ብቻ ነው። ከጣራ አሸንዳ የሚፈሰው፣ ከመንገድ የሚገባው፣ ከብቶች ከዋሉበትና ከሰው ሽንት ቤት አጠገብ ታጥቦ የሚመጣው ጎርፍ ከተጨመረበት፣ ገንዳው የሠፈሩ ቆሻሻ ሁሉ መሰብሰቢያ ይሆናል።

ከሰማይ ከሚወርደው ይልቅ ግን የሚያስፈራው ከምድር በታች የሚመጣው ነው። ዝናቡ መሬቱን ካጠገበ በኋላ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ እያለ ይመጣና የገንዳውን ግድግዳና ወለል ከውጭ ይከባል። በገንዳው ውስጥ ውኃ ካለ ሁለቱ ይመዛዘናሉ። ገንዳው ባዶ ከሆነ ግን ከውጭ ያለው ውኃ የሚገፋውን ነገር የሚመክት ምንም የለም። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከገንዳው ወለል አንድ ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በዐሥር ኩንታል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ወለል ግን በካሬ ሜትር የሚመዝነው አራት ኩንታል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወለሉ ይነሣል ወይም ይሰነጠቃል፤ ቀለል ያለ የፕላስቲክ ገንዳም ከነቅርጹ እንደ ታንኳ ሊንሳፈፍ ይችላል። በደምቢያ ሜዳ እንደሚገኘው ያለ ዋልካ አፈር ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይበዛል፤ ይህ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ፣ በክረምት ውኃ ሲጠጣ አብጦ ግድግዳን ይገፋልና።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «የፋሲል መዋኛስ ባዶውን ይህን ሁሉ ክረምት እንዴት አሳለፈው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያ ሥራ በድንጋይና በኖራ የታነጸ የነገሥታት ሥራ ነው፤ በየዘመኑም ጥገና ተደርጎለታል፤ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮም ከጎንደር አብያተ መንግሥት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ጠባቂ አለው። እንዲያውም በካቡ ላይ ሥሮቻቸውን እንደ ዘንዶ ጠምጥመው ድንጋዩን የጨበጡትን ታላላቅ ዛፎች ያየ ሰው፣ ሥር በሕንፃ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ይረዳል። ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ ሆኖም በገዛ ገንዳው ዳር ዋርካ የሚተክል ሰው ብልህ አይባልም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በግንቦት፣ ገንዳው በየትኛው መንገድ እንደሚከርም በመወሰን ነው። መንገዱም ሁለት ነው። ገንዳው ከመሬት በላይ የተሠራ ከሆነ፣ ወይም በተዳፋት ላይ ሆኖ ከወለሉ ዝቅ ብሎ በራሱ የሚፈስ ማፍሰሻ ካለው፣ ፈጽሞ ባዶ ይደረግ፤ ማፍሰሻውም ክረምቱን ሁሉ ተከፍቶ ይቆይ። ተከፍቶ ይቆይ ስንል በቅጠልና በጭቃ እንዳይደፈን በየሳምንቱ ይታይ ማለታችን ነው፤ የተደፈነ ማፍሰሻ ያለው «ባዶ» ገንዳ በአንድ ሌሊት ዶፍ ጉልበት የሚደርስ ውኃ ይይዛል። ገንዳው በሜዳ ላይ ተቆፍሮ የተሠራ ከሆነ ግን ውኃው እንዳለ ይቀመጥ፤ ለዝናቡ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይጉደል፤ ሲሞላም እየተለካ ይቀነስ። ከሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለት ገንዳውን ለግማሽ አጉድሎ ረስቶ መሄድ፣ የሁለቱንም ጉዳት አንድ ላይ የሚያመጣ ነው።

ውኃው እንዳለ የሚከርም ገንዳ እንደሚከተለው ይሰናዳል። በመጀመሪያ በዙሪያው ጎርፉን ወደ ሌላ የሚመራ ቦይ ይቆፈራል፤ የጣራው አሸንዳም አፉ ወደ ገንዳው እንዳይሆን ይዞራል። ቀጥሎ ቅጠሉና ዝቃጩ ይወጣል፤ ግድግዳው በጠንካራ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ በተለይ በውኃው ጠርዝ ያለው አረንጓዴ ዝልግልግ ሳይቀር መነሣት አለበት፤ ክሎሪን በዝልግልጉ ሥር ያለውን ተሐዋስ በቀላሉ አያገኘውምና። ከዚህ በኋላ ነው መድኃኒቱ የሚጨመረው። ከላይ የጠቀስነው ዓይነት ገንዳ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ቢኖረው 75,000 ሊትር ይይዛል። በአንድ ሊትር ሦስት ሚሊ ግራም ክሎሪን ይገኝ ዘንድ 225 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ በገበያ የሚገኘው የክሎሪን ዱቄት ጥንካሬው ከመቶ 65 ከሆነ 350 ግራም ያህል መሆኑ ነው። ጥንካሬው በየዕቃው ስለሚለያይ የዕቃውን ጽሑፍ ሳያነቡ መመዘን አይገባም።

ዱቄቱ ሲበጠበጥ አስቀድሞ ባልዲው ውኃ ይሞላል፤ ዱቄቱ ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ በዱቄቱ ላይ ውኃ መገልበጥ አደገኛ ነው። ከአሲድ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃም ሆነ ከሌላ መድኃኒት ጋር ከተቀላቀለ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። የተረፈውም ዱቄት ዝናብ በሚያንጠባጥብ ጣራ ሥር አይቀመጥ፤ ከናፍጣና ከዘይትም ይራቅ። ዝናቡ መድኃኒቱን እያቀጠነው፣ ፀሐይዋም በወጣች ቁጥር እያጠፋችው ስለምትሄድ፣ በየሳምንቱ እየለኩ መጨመር ግድ ነው። የፓምፑ ኤሌክትሪክ ለዚህ ሥራ ሲፈለግ ብቻ ይከፈት፤ በቀረው ጊዜ ከዋናው ማብሪያ ይዘጋ።

አሁን ወደ ሸራው እንምጣ፤ ብዙ ሰው ገንዳውን ሸራ አልብሶ «ዘጋሁት» ይላልና። ሸራው ላልቶ ከተወጠረ መካከሉ ይረግባል፤ በረገበው ላይ የዝናብ ውኃ ይተኛል፤ ያ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያሞቀው፣ መድኃኒት የሌለበት ውኃ ለትንኝ እጅግ የተመቸ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ አንድ ገንዳ ዘግቶ ሌላ ገንዳ ከፈተ ማለት ነው። ሸራ የሚያለብስ ሰው መካከሉን በእንጨት ከፍ አድርጎ እንደ ጎጆ ጣራ ወደ ሁለት ወገን ያዘንብለው። ለቤት ማጠራቀሚያና ለሮቶ ግን ከሁሉ የሚሻለው ልክክ ብሎ የሚገጥም ክዳን ነው፤ የአየር መውጫውም በቀጭን የሽቦ ወንፊት ይሸፈን።

ስለ ትንኝ ይህን ያህል መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። «ወባ የቆላ በሽታ ናት፤ ጎንደር ደጋ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አስቀጥፏል። በ1951 ዓ.ም. ክረምቱ እንዳለፈ በአገራችን የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን አገሮች ሳይቀር አዳርሶ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። የከተማችን ከፍታ ከዚህ ወሰን ውስጥ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በአገራችን ምሥራቅ ታይታለች፤ በክልላችንም በባቲ ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ከነባሮቹ የምትለየው ከተማ በመውደዷ ነው፤ የምትራባውም በሲሚንቶ ገንዳ፣ በበርሜልና ለሕንፃ ሥራ በሚጠራቀም ውኃ ነው። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው ወባ ምክንያት ሆና የተገኘችውም እርሷ ናት።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቃል ከማስተማር ይልቅ በዓይን ቢያሳዩ ይሻላል። ከአንድ ከተተወ ገንዳ ውኃ በነጭ ሳሕን ይቀዳና ጥቂት ይጠበቃል። የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደማል፤ የሌላዋ የቤት ትንኝ እጭ ግን ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ በሞቀ አገር ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ይፈጅበታል፤ በብርድ አገር ይረዝማል። በየሳምንቱ አንድ ቀን የግቢውን ውኃ ሁሉ የማየት ሕግ የወጣው ከዚህ ቁጥር ነው። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የሠለጠኑት የጤና መኮንኖችና ሳኒቴሪያኖች በየገጠሩ እየዞሩ ሲያስተምሩት የኖሩት ይህንኑ ዓይነት ነገር ነበር፤ አዲስ ግኝት አይደለም።

ገንዳውን በወንዝ ውኃ የሚሞላ ሰው ስለ ቢልሃርዝያም ማሰብ አለበት። የበሽታው ትል በጣና ዙሪያና በሰሜን ጎንደር ጅረቶች የታወቀ ነው። እንቁላሉ ከታመመ ሰው ዐይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ በአንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ አድጎ ይወጣል፤ ከዚያም በዋናተኛው ቆዳ በኩል ያልፋል። ከቀንድ አውጣው የወጣው ትል ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ ውኃው ማንም ሳይገባበት ሁለት ሙሉ ቀን ቢቀመጥ ከዚህ አደጋ ይነጻል። ቀንድ አውጣዋ ካለች ግን መጠበቁ ዋጋ የለውም። እርሷም ድርቀትን ለጊዜው ታግሣ በጭቃ ውስጥ ልትቆይ ስለምትችል፣ ገንዳውን ማድረቅ ብቻ ሳይሆን አረሙንና ጭቃውን ጠርጎ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከበሽታ ሁሉ በፊት ግን ሞት በገንዳ በኩል የሚገባበት አንድ በር አለ፤ ይኸውም የሕፃን መስጠም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከአራቱ አንዱ ያህል አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለዚህ ነገር መታሰቢያ እንዲሆን የወሰነው ቀን ሐምሌ 18 ላይ ይውላል። ለእኛ የተስማማ ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጆች በግቢ ይውላሉ፤ ገንዳው ተዘግቷል ተብሎ የሚመለከተው የለም። የሚሰጥም ሕፃን አይጮኽም፤ እናት ቡና እስክትቀዳ ድረስ ነገሩ ያለ ድምፅ ያልቃል። በረገበ ሸራ ላይ የወደቀ ልጅ ደግሞ ሸራው ይጠቀልለውና ከላይ ሆኖ የሚፈልገው ሰው እንኳ አያየውም። ስለዚህ ሸራ አጥር አይደለም። አጥሩ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሃያ የማያንስ፣ ልጅ የማይወጣበት፣ በሩም ራሱን የሚዘጋና ከልጅ ቁመት በላይ የሚቆለፍ ይሁን፤ በአጠገቡም ልጅ ሊወጣበት የሚችል ድንጋይ፣ በርሜል ወይም ወንበር አይቀመጥ። የሰጠመ ልጅ የተገኘ እንደ ሆነ ገልብጦ ውኃ ለማፍሰስ መድከም ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ካልተነፈሰ ወዲያውኑ ትንፋሽ ይሰጠው፣ ደረቱም ይጫን፤ ሌላው ሰው ደግሞ ለመኪና ይሩጥ።

ዝናቡ በመስከረም ሲያቆም ለመክፈት መቸኰል አይገባም፤ የወባ ወራት እስከ ኅዳር ድረስ ይዘልቃልና ሳምንታዊው ጥበቃ ይቀጥላል። በጥቅምት የከርሰ ምድሩ ውኃ መውረዱን ለማወቅ በገንዳው አጠገብ የተቀበረ፣ ጎኑ የተበሳሳ ቱቦ ውስጥ በገመድ ድንጋይ አውርዶ መለካት ይቻላል፤ ውኃው ከወለሉ በታች ከሆነ ገንዳውን አፍስሶ ማጠብ ያኔ ነው። የሚፈሰው ውኃ ክሎሪን ካለበት ዓሣን ስለሚገድል ወደ ቀሃም ሆነ ወደ አንገረብ አይለቀቅ። መድኃኒት ሳይጨመርበት ሳምንት ያህል ፀሐይ ይምታውና ለግቢው ዛፍና ለጓሮው ይዋል፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ 75,000 ሊትር በመንገድ ላይ ማፍሰስ በጎረቤት ፊት ያሳፍራል። ገንዳው ታጥቦ ከተሞላ በኋላ ክሎሪኑ በሊትር ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ግራም መሆኑ ይለካል፤ የወለሉ ማፍሰሻም ከዳር ሆኖ በግልጽ እስኪታይ ድረስ ማንም አይገባበትም።